የሚኒ ሚዲያ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ለቪዲዮዎቻችን የግርጌ ጽሑፍ

ሚኒ ሚዲያ ሲባል ለብዙዎች ትዝ የሚላቸው ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ የሚነበበው ማስታወቂያና በዕረፍት ሰዓት የሚሰማው ሙዚቃ ነው። እነዚህን ሥራዎች ዘንድሮም ሳናቋርጥ አከናውነናል። ክበባችን ግን በዚህ ዓመት ከዚያ የሚከብድ ሥራ ጀምሯል፤ ይኸውም ትምህርት ቤታችን የሚቀርጻቸውን ቪዲዮዎች መስማት የተሳናቸው ተማሪዎቻችን እያነበቡ እንዲከታተሉ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ፣ በተለምዶ ሰብታይትል የምንለውን፣ ማዘጋጀት ነው።

ሥራው ሲጀመር «የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እያለ ይህ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ቀርቦልናል። አስተርጓሚያችን በክፍል ውስጥ የሚሰጡት አገልግሎት የሚመሰገን ቢሆንም፣ ተማሪው ቤቱ ወስዶ በሚያየው ቪዲዮ ውስጥ ግን የሉም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ30ኛው አንቀጹ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችና ፊልሞች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ በሆነ መልክ እንዲቀርቡ ይጠይቃል። የወላጆች ቀን ቪዲዮ ከዚህ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ስብሰባዎች አባላትን በመመዝገብ፣ የሥራ ክፍፍል በማድረግና ዕቅድ በማጽደቅ አልፈዋል። ትክክለኛው ሥራ የጀመረው ሰብታይትል ኤዲት የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በአይ ሲ ቲ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ ከጫንን በኋላ ነው። አባላቱ ወዲያው መጻፍ ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን አንድም መስመር ከመጻፉ በፊት አዲሱ ፕሮጀክት በሥርዓት እንዲከፈት አጥብቄ አሳሰብኩ፤ በዚህ አቋሜም አሁን ድረስ እኮራበታለሁ።

ለእያንዳንዱ ሥራ በቅድሚያ አንድ ፎልደር ይከፈታል፤ ቪዲዮው ተቆርጦና ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ብቻ እዚያ ይቀመጣል፤ የጽሑፉ ፋይልም የቪዲዮውን ስም እንዲይዝ ይደረጋል። ሁለቱ አንድ ስም ይዘው አንድ ፎልደር ውስጥ ሲሆኑ ቪ ኤል ሲን የመሰሉ ማጫወቻዎች ጽሑፉን ራሳቸው ፈልገው ያሳያሉ። ቀጥሎ ቪዲዮው በሶፍትዌሩ ይከፈትና የድምፁ ሞገድ እንዲወጣ ይደረጋል። ተናጋሪው የት እንደጀመረና የት ዝም እንዳለ በሞገዱ ላይ በዓይን ስለሚታይ፣ የእያንዳንዱ መስመር መነሻና መድረሻ በግምት ሳይሆን በሰከንድ ሺህኛ ክፍልፋይ ይወሰናል። የፋይሉን ዓይነት ኤስ አር ቲ (ጽሑፉንና የሚወጣበትን ሰዓት የሚይዝ ተራ የጽሑፍ ፋይል)፣ ፊደሉ በኮምፒውተሩ የሚመዘገብበትን ስልት ደግሞ ዩ ቲ ኤፍ 8 (የአማርኛን ፊደል የሚያውቀውን) አድርገን እንመርጣለን። ይህ ሁለተኛው ነገር ከተዘነጋና ፋይሉ የአማርኛን ፊደል በማያውቀው በአሮጌው ስልት፣ በአንሲ፣ ከተቀመጠ የአማርኛ ፊደላት በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣሉ፤ አንዴ ከተለወጡም ከዚያ ፋይል መልሶ ማግኘት አይቻልም። በኅዳር ወር አንድ ሙሉ ሥራ በዚሁ ምክንያት ጠፍቶብን እንደ አዲስ ተጽፏል።

ብዙ ያከራከረን የመስመር ርዝመት ነው። ሶፍትዌሩ አስቀድሞ የያዘው ገደብ ለላቲን ፊደል የተመጠነ ሲሆን፣ የእኛ አንድ ፊደል ግን ብዙ ጊዜ ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ፣ በፊደል ቁጥር እኩል የሆነ የአማርኛ መስመር ብዙ ቃል ይሸከማል፤ ለማንበብም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ መስማት የተሳናቸው አባሎቻችን ራሳቸው እያነበቡ ሞክረው ገደቡን ዝቅ አድርገው ወሰኑት፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ እንዳይወጣም ተስማማን። አሁን ከልኩ ያለፈ መስመር ሲጻፍ ሶፍትዌሩ በቀይ ቀለም ያሳውቃል።

የዓመቱን ሥራ ሁሉ ለእኔ ትርጉም የሰጠው በሁለተኛው ሴሚስተር ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ያደረግነው ጉብኝት ነው። አስጎብኚው ከድንቅነሽ ዘንድ ቆመው በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚገመት ሲያስረዱ፣ አባላቱ በፈቃድ ይቀርጹ ነበር። ቁመቷ 1.1 ሜትር ገደማ እንደነበር ሲናገሩ አንድ አጭር የ9ኛ ክፍል ልጅ «እኔስ እበልጣታለሁ!» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። መስማት የተሳናት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን በዚያች ቅጽበት ዓይኗ አጽሙ ላይ ነበር፤ ወደ አስተርጓሚው ስትዞር ሳቁ አልፏል። አጽሙንም የአስተርጓሚውን እጅም እኩል ማየት አይቻልምና።

ቪዲዮው ከተዘጋጀ በኋላ በክበቡ ክፍል አብረን አየነው። አባላቱ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን ማንነትና «ሳቅ» የሚለውንም በቅንፍ ጽፈው ነበር። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ ቪዲዮው እንዲቆም ጠየቀች፤ መልሳ አነበበችው፤ ከዚያም በምልክት «ያን ቀን የሳቃችሁት በዚህ ነበር?» አለችና ለብቻዋ ሳቀች። ክፍሉ በሙሉ ተከትሏት ሳቀ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ «ጭብጨባ»፣ «እልልታ»፣ «ደወል» የመሳሰሉት ሳይጻፉ ያለቀ የሚባል ሥራ የለንም፤ ያለ እርሷ የመጨረሻ ንባብም ምንም አይሰራጭም።

ያልተሳካልንም አለ። የዓድዋ በዓል ቪዲዮ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ መግቢያው እንደገና በመቆረጡ መስመሮቹ ሁሉ ከንግግሩ ዘግይተው ነበር፤ ሁሉም ባንድነት ቀደም ብለው እንዲወጡ በማድረግ አስተካክለነዋል። በአዳራሹ ቴሌቪዥን ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን እየሆነ ስላስቸገረ ለዚያ የሚሆነውን ቅጂ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር አዋሕደን እናወጣለን። መብራት ሲጠፋ የሚባክነውን ጊዜ ግን በብልሃት ማካካስ አልቻልንም። ሥራው ሁሉ የሚካሄደው በአንድ ኮምፒውተር ነው፤ እሱም የአይ ሲ ቲ ክፍለ ጊዜ ሲኖር ይወሰድብናል። ለመዝናኛ ቀን የድምፅ መሣሪያ ኪራይ በጀት በሚገኝበት ትምህርት ቤት ለዚህ ሥራ አንድ የጆሮ ማዳመጫ መግዣ አለመገኘቱን ወላጆችም ቢያውቁት መልካም ነው።

ለመጪው ዓመት የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ቪዲዮዎችን ለማዘጋጀት ከመምህራኑ ጋር ተስማምተናል። ለዚህም ለክበቡ ብቻ የሚያገለግል አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫዎችና ሥራችንን የምናስቀምጥበት ሃርድ ዲስክ እንዲሟላልን ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ጥያቄ አቅርበናል። ያገለገለ ኮምፒውተር ለመስጠት የሚፈልግ ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በአይ ሲ ቲ ክፍል ሊያገኘን ይችላል፤ የሙዚየሙንም ቪዲዮ እዚያው እናሳየዋለን።