ለሙቶምቦ መታሰቢያ የተደረገ የምስጋና መልእክት

ቅዳሜ ማታ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ለኮንጎው ተወላጅ የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋች ለዲኬምቤ ሙቶምቦ መታሰቢያ የተሰበሰባችሁ፣ ቡና ያፈላችሁ፣ ድፎ የደፋችሁ፣ ወንበር ያመላለሳችሁ፣ ከቴነሲ ድረስ ነድታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ማይክሮፎኑን ይዤ ሳግ ስለተናነቀኝ የቀረውን እዚህ ልጨርሰው።

ዲኬምቤ ወንድሜ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚሁ አትላንታ ስታርፍ ገና 58 ዓመትህ ነበር። ስለ ሕመሙ አላወራም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ላመሰግንህ የፈለግኩት ስለ መከላከል ነው። በቅርጫት ኳስ ጭብጨባው ሁልጊዜ ለአስቆጣሪው ነው። አንተ ግን 2 ሜትር ከ18 ቁመትህን ቅርጫቱ ሥር ተክለህ፣ የመጣውን ኳስ ሁሉ እያራገፍክ፣ ያቺን ሌባ ጣትህን ግራና ቀኝ ስትወዘውዛት መከልከልም የሚጨበጨብለት ሥራ ሆነ። ሊጉ በተጋጣሚ ፊት ጣት መወዝወዝ ያስቀጣል ቢልህ ወደ ተመልካቹ ዞረህ ወዘወዝካት! ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እንዴት እንደሳቁ አይታችኋል።

18 የውድድር ዘመን፣ 3,289 ብሎክ (ወደ ቅርጫቱ የተወረወረ ኳስ ማጨናገፍ)፣ አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ። በብሎክ ብዛት ከፊትህ ያለው ሀኪም ኦላጁዎን ብቻ ነው፤ እሱም የናይጄሪያ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንተኛ ሆኖ ወደ ጥሎ ማለፉ የገባው ቡድንህ ዴንቨር በመደበኛው ውድድር 63 ጨዋታ ያሸነፈውን ሲያትልን፣ በጨዋታ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ ጣለው። አንተም ወለሉ ላይ ተንጋለህ ኳሷን በሁለት እጅህ ይዘህ ስትስቅ... በአምስት ጨዋታ 31 ብሎክ። ከሩቅ መወርወር እንጂ ሌላ የማይታያቸው የኔ ልጆች ቪዲዮውን ባዩ ማግስት እጃቸውን አንስተው መከላከል ጀምረዋል። እስከ መቼ እንደሚቆይ እንጃ።

ደግሞ እናትህ። ኪንሻሳ ታመው፣ ሁከቱ መንገዱን ዘግቶባቸው፣ ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። ይህን ስናገር ነው ድምፄ የጠፋው፤ አገር ቤት እናቱን በስልክ የቀበረ ሰው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ሐኪም ልትሆን ነበር። አሠልጣኝ ጆን ቶምፕሰን ወደ ሜዳ ወሰዱህ፤ ሐኪም ሳትሆን ቀረህ። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን በእናትህ በቢያምባ ማሪ ስም 300 አልጋ ያለው ሆስፒታል ኪንሻሳ ላይ አስከፈትክ፤ ከራስህ ኪስም ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣህ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ኦሎምፒክ፣ ፋጡማ ሮባ እዚህ አትላንታ ማራቶኑን ባሸነፈችበት በዚያ ክረምት፣ የዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ) ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድንን መለያና ወጪ የሸፈንከው አንተ ነበርክ። እኛ ስለ ፋጡማ ስንጨፍር ይህን ያወቀ አልነበረም፤ ዘግይቶም ቢሆን አመሰግናለሁ።

ለባለቤትህ ለሮዝና ለልጆቻችሁ መጽናናትን ይስጥልን።

አዳራሹን የፈቀዱልንን፣ ወጣቶቹን፣ የድምፅ ባለሙያዎቹን በጅምላ አመሰግናለሁ። ስማችሁን ያልጠቀስኳችሁ ቅር እንዳይላችሁ፤ ሁላችሁንም ልዘርዝር ብል ከናንተ መሃል አንዱን መዝለሌ አይቀርም ብዬ ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ ለኪንሻሳው ሆስፒታል ይላካል፤ ደረሰኙን ለሁላችሁም አሳያለሁ። ሁለት ድስትና አንድ ጀበና አዳራሹ ውስጥ ቀርቷል፤ ባለቤቶቹ ከእሁድ በፊት ደውሉልኝ።