የጮቄ የእግር መንገድ ምልክት ይደረግለት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰው የጎጃሙን የጮቄ ተራራ እንዲጎበኝ መቀስቀሱ ደግ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ተዘንግቷል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የተራራው ጫፍ ከ4,000 ያልፋል። ይህን በአንድ ጠዋት በመኪና የወጣ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያቅለሸልሸው አየሩ ስለሳሳ ነው። ከባሰበት ሳይዘገይ ይውረድ። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ ነውና ጋቢ ብቻ አይበቃም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው በተራራው ላይ የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ የጅብራው ነገር ነው። ጅብራ ለዓመታት አድጎ አንዴ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን አራግፎ ይደርቃል። ለፎቶ ብለው አበባውን ከገነደሱት ዘር ሳይሰጥ ይቀራል። ረግረጉንም በየአቅጣጫው መርገጥ ሣሩን ይገሸልጠዋል፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ዱካውን ተከትሎ ቦይ ያወጣል። አንድ መንገድ በድንጋይ ካብ ይለይ፤ የአካባቢው ወጣቶች እየመሩ ይከፈላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ