ሌንስ ከመግዛትህ በፊት

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። መጻፍ ያቆመው ማን ነው የሚለውን ክርክር ስንገናኝ እናንሳው፤ እስከዚያው ሁለታችንም ከሳሽም ተከሳሽም ነን።

መልስ ሳላገኝለት የቆየው ደብዳቤህ እፊቴ ነው። «ፎቶዎቼ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ግን ማንም ያነሳቸው ይመስላሉ። የትኛውን ሌንስ ልግዛ?» ብለሃል። አብረው የመጡትን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ዛፉ ዛፍ ነው፣ ድልድዩም ድልድይ ነው፤ ሁሉም ከቆመ ሰው ቁመት የተነሱ፣ ሁሉም ልክ መሐል ላይ የተቀመጡ። ልቤን የያዘው አንተ «ተበላሽቷል» ያልከው የደረጃው ፎቶ ነው። ከታች ጥጉ ላይ የመደገፊያው ብረት ጥላ በየደረጃው እየተሰበረ ይወርዳል። ዓይንህ ከአንተ ቀድሞ አይቶታል፤ አንተ ግን ደረጃውን ስትፈልግ ጥላውን እንደ ጥፋት ቆጠርከው።

ስለ ሌንሱ የምልህ አጭር ነው፤ ያለህ ይበቃሃል። ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሪ ካርቲዬ ብሬሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በአንድ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው። ያንተ ዙም፣ ማለትም ሚሊ ሜትሩ እየተለወጠ የሚያቀርብና የሚያርቅ ሌንስ ስለሆነ 50 ላይ አቁመህ በፕላስተር እሰረው (የካሜራህ ሴንሰር፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል፣ ትንሽ ከሆነ 35 ይሻላል)። ከዚያ በኋላ መሥራት ያለበት እግርህ ነው። ዙም ነገሩን አጉልቶ ከማቅረብ አያልፍም፤ የፊተኛውና የኋለኛው ነገር ዝምድና የሚለወጠው አንተ ከቦታህ ስትንቀሳቀስ ብቻ ነው። ከሰውየው አናት የበቀለ የሚመስለው ምሰሶ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብትል ይጠፋል። በርከክ ብትል ደግሞ ከኋላው የተዝረከረከው ሁሉ ወደ ታች ይወርድና በቦታው ሰማይ ይተካል።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥህ። በብርጭቆ ውሃ ቅዳና መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፤ ከማለዳ እስከ ማታ እየተመላለስክ አንሳው። ፀሐይ በቀጥታ ስትመታው ውሃው ብርሃኑን ይሰበስብና በጥላው መሐል ደማቅ ቅስት ይስላል። ደመና ሲጋርዳት ቅስቱ ይጠፋል፣ የጥላውም ጠርዝ ይፈዛል። መስኮቱን ከብርጭቆው ኋላ አድርገህ ብታነሳው ጠርዙ ጠቆር ብሎ ቅርጹ ይወጣል፤ መስኮቱን ጀርባህን ሰጥተህ ብታነሳው ግን ያው ብርጭቆ ፊት የሌለው ነገር ይሆንብሃል። ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያርምበትን «ዋይት ባላንስ» የሚባለውንም ከአውቶማቲክ አውጥተህ በፀሐይ ብርሃን ላይ አጽናው። ያን ጊዜ ከሰማይ ብቻ ብርሃን የሚደርሰው ጥላ ሰማያዊ፣ ቢጫ አምፖል ያረፈበት ነጭ ወረቀት ደግሞ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣልሃል። በዓይናችን ስናያቸው ይህ አይታወቀንም፤ አእምሯችን ሳንለምነው እያረመ ነጩን ነጭ ያደርግልናል። ለኑሮ ይጠቅመን ይሆናል፤ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን ይህ እርማት እንደ መጋረጃ ነው።

ከአንድ ብርጭቆ ምን ይገኛል ትለኝ ይሆናል። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1930 ያነሳው ዝነኛ ፎቶ ርዕሱ «ቃሪያ ቁጥር 30» ነው፤ ቁጥሩን ልብ በልልኝ። ቃሪያውን ፈሳሽ ወደ ጠባብ አፍ ለመገልበጥ በሚያገለግል የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው፤ ብርሃኑም ከቆርቆሮው ላይ እየተንጸባረቀ እጥፋቱን ሁሉ ዞረው። ዮሴፍ ሱዴክ ደግሞ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ያጣ የቼክ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ከ1940 እስከ 1954 ድረስ ፕራግ ውስጥ የራሱን ስቱዲዮ መስኮት አነሳ፤ እርጥበት ያለበሰውን መስታወት፣ የሚወርደውን ጠብታ፣ ከማዶ የቆመውን ጠማማ ዛፍ። መስኮቱ ያው አንዱ ነው።

ሁለቱም በትልልቅ ካሜራ ይሠሩ ስለነበር በጥቁር ጨርቅ ሥር ሆነው የሚያዩት ምስል የተገለበጠ ነበር። እኔ ይህን እንደ ዕድል እቆጥረዋለሁ። ሰውም ሆነ ወንበር ሲገለበጥ ማንነቱ ወደ ኋላ ይልና ጨለማው የት እንደከበደ፣ መስመሩ ዓይንን ወዴት እንደሚስብ ፊት ለፊት ይመጣል። የራስህን ፎቶዎች በስልክህ ላይ ገልብጠህ ተመልከታቸው፤ ስልኩ አዋቂ ነኝ ብሎ መልሶ እንዳያቃናቸው ግን ማዞሪያውን ዝጋው። ቁልፉን ከመጫንህ በፊትም አራቱን ማዕዘኖች ቃኝ። መሐሉን ብቻ ስናይ ነው የማናውቀው ሰው ግማሽ ጫማ ከጠርዙ የሚገባብን።

ምስሉን በቁመትም በአግድምም ሦስት ቦታ ከፍለህ ዋናውን ነገር በመክፈያዎቹ መስመሮች ላይ አስቀምጥ ስለሚለው «የሲሶ ሕግ» ጠይቀኸኛል። ስሙን የምናገኘው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆን ቶማስ ስሚዝ በ1797 ስለ ሥዕል በጻፈው ላይ ነው፤ ያኔ ፎቶግራፍ ገና አልነበረም። ከመሐል ለመውጣት ይረዳሃል፤ ከዚያ በላይ ሥልጣን አልሰጠውም።

የብርጭቆውን ፎቶዎች ስትጨርስ ሳትመርጥ ሁሉንም ላክልኝ። ያንተን ምርጫ በሌላ ወረቀት ጽፈህ አሽገው፤ እኔም ሳላየው የራሴን እመርጣለሁ፤ በተለያየንበት ላይ እንሟገታለን። ከመምረጥህ በፊት ግን አንድ ሁለት ሳምንት አሳድራቸው፤ ገና ትኩስ ሳሉ የደከምክበትን ፎቶ ሁሉ ጥሩ ነው ማለትህ አይቀርም። የደረጃውንም ፎቶ ዋናውን፣ ሳትቆርጠው አብረህ ላከው።

ለቤተሰቡ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ያንተው