ሲሊንደሩን በሳሙና ውሃ ፈትሹት

ለአዘጋጁ፦

ከኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ጋዝ ስለመዞር ያወጣችሁትን አነበብኩ። መብራት በሄደ ቁጥር ወጡ ግማሽ በስሎ ይቀራል፤ እኔም ሲሊንደር የገዛሁት ለዚሁ ነው። ጽሑፉ ግን ጋዙ ቢያፈስ ስለሚሆነው ምንም አላለም።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። እንጀራ አሁንም በኤሌክትሪክ ምጣድ ስለምንጋግር፣ በጠባብ የኮንዶሚኒየም ኩሽና ሶኬቱ እዚያው ሲሊንደሩ አጠገብ ነው። አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

ባለፈው ወር የጋዙ ጎማ ከሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ አፍ ላይ ከሚገጠመው የግፊት መቆጣጠሪያ) በሚገናኝበት ቦታ የሳሙና ውሃ ብቀባ አረፋው ተነፋ። ማሰሪያው ላልቷል! ሽታው እንኳ ገና አልመጣም ነበር።

ሲሊንደር የሚሸጡ ሱቆች ሲገጥሙ በሳሙና ውሃ ፈትሸው፣ ጎማው የሚቀየርበትን ቀን ጽፈው እንዲያስረክቡ በመመሪያ ይገደዱ።

አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ