የአትክልት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የባልዲው ሎሚ አፈራ

ዘንድሮ ጎመንም ተክለናል፣ ግቢም አጽድተናል። እሱን ሁሉም ክበብ ስለሚጽፈው ልለፈውና ስለ ሎሚያችን ላውራ።

ሎሚው ሸዋ ሮቢት ካለ ችግኝ ጣቢያ የመጣ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የኛ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800። በመካከል ካለው የጣርማ በር ተራራ ወዲያና ወዲህ ብርድ ልብሱ ራሱ ይለያያል። ሎሚ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ማደጉን ያቆማል፣ እኛ ጋ ደግሞ ኅዳር ላይ ውርጭ አለ። መሬት ላይ ያልተከልነው ለዚህ ነው፤ ትልቅ የቀለም ባልዲ ውስጥ አድርገን ማታ ማታ ቤተ ሙከራ እናስገባዋለን። ተራ አወጣን፣ ስም ዝርዝሩንም በሩ ላይ ለጠፍን። ዓርብ ዓርብ እየረሱ ወደ ቤት የሚሮጡትን ስማቸውን አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ዛፉ ያምራል፣ ግን አያብብም። ለምን ቢባል ልጆቹ አብዝተው ስለወደዱት ነው። በየዕረፍቱ አንዱ ውሃ ያፈስበታል፣ ሌላው ከቤቱ ዩሪያ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ሲበዛ ደግሞ ተክሉ ቅጠል ብቻ ይሆናል። ዩሪያ ተከለከለ። ዋልካው አፈራችን ውሃ ስለሚይዝ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ የበግ ፍግ ቀላቀልንበት፣ የባልዲውን ቀዳዳዎችም አሰፋን። ውሃ የሚጠጣው ጣት ተሰዶ አፈሩ ደረቅ ሲገኝ ብቻ ሆነ። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ቀን ቀን ደቡብ በሚያየው ግድግዳ ሥር አኖርነው። ጥር ላይ ቅጠሉ ትንሽ ጠውለግ እስኪል አስጠማነው፣ ከዚያ አጠጣነው። ሎሚ ከብርድ ወይም ከጥማት በኋላ ነው ለአበባ የሚነሳው።

የካቲት ላይ አበበ! (ለጥምቀት ይደርስልናል ያሉ የአሥረኛ ክፍል ወንዶች ቅር ብሏቸዋል።) አንዷ ተማሪ «እንደ ፓፓያ ወንድ አያስፈልገውም ወይ?» ብላ ጠየቀች፣ ጥያቄዋን ወድጄላታለሁ። አያስፈልገውም፤ የሎሚ አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም አንድ ላይ ይዟል፣ የቀረውን ንብ ጨረሰችው።

ከዚያ ፍሬው መርገፍ ጀመረ፣ «ቡዳ በላው» የሚል ወሬም ተነሳ። ቡዳ አይደለም። ዛፉ ከአበባውና ከለጋ ፍሬው አብዛኛውን ራሱ ይጥላል፣ የሚያስቀረው መመገብ የሚችለውን ያህል ነው። ለኛም ጥቂት አስቀርቶልናል።

አሁን ያለብን ጣጣ ክረምቱ ነው። ሎሚ ከአበባ እስከ ብስለት አምስት ስድስት ወር ይፈልጋል፣ በብርድ አገር ከዚያም ይዘገያል፣ ስለዚህ የሚበስለው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ባልዲው ዝናብ እንዳያሰምጠው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ይገባል። ጥበቃችን ጋሼ አፈሩን እየነኩ ሊያጠጡልን ቃል ገብተዋል፣ እኛም የመጀመሪያው ፍሬ ለሻያቸው እንዲሆን ተስማምተናል።