ለጋራ ቀለም መርጫ ክፍላችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የፕላስቲክ ሞዴል መኪና መገጣጠምና መቀባት ለምትወዱ ሁሉ፣ እንዲሁም ሥራውን ራሳችሁ ባትሠሩትም ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ጓደኛችሁ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ሲሠራ ለምታዩ ወዳጆቻችን፤

ይህን ጥሪ የምናቀርብላችሁ በጋራ የጀመርነውን የቀለም መርጫ ክፍል ለመጨረስ እገዛችሁን ስለምንሻ ነው። ክፍሉ ተገኝቷል፤ ግድግዳው ታጥቧል፤ ከአባላት የተሰበሰቡ ሦስት ጠረጴዛዎችም በቦታቸው ቆመዋል። የጎደለው ክፍሉን ቀለም መርጫ የሚያሰኘው ዕቃ ነው፤ ይኸውም የቀለሙን ጭጋግና የቲነሩን ትነት ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ የመርጫ ሳጥን፣ የአየር ታንክ ያለው ኮምፕረሰር (አየር የሚያምቅ ማሽን)፣ ጥቂት ኤርብራሾች (በአየር ግፊት ቀለምን በስሱ የሚረጩ ትናንሽ የእጅ መርጫዎች) እና ለእያንዳንዱ ቀቢ የሚሆን የመተንፈሻ ጭንብል ነው።

አዳዲስ ኪቶችን (ክፍሎቻቸው ሳይገጣጠሙ በካርቶን የሚሸጡ ሞዴሎችን) ገዝተን ለጀማሪዎች እናከፋፍል፣ ወይም የተጠናቀቁ መኪኖች የሚታዩበት የመስታወት ቁም ሳጥን እናሠራ የሚል ሐሳብም ከአባላት ቀርቦ ነበር። ቀለሙን ያስቀደምነው፣ ሁላችንም ጀምረን የተውናቸውን ሥራዎች አምጥተን አንድ ጠረጴዛ ላይ የደረደርን ዕለት ባየነው ነገር ምክንያት ነው። ሞተሩ ተገጣጥሞ ገመዶቹ ሳይቀሩ ተዘርግተውለታል፤ ሻንሲው አልቋል፤ ወንበሮቹና ዳሽቦርዱ ተቀብተዋል፤ ቦዲው ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነጭ ፕላስቲክ ሆኖ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል። አንዱን ካርቶን ዘግተን ሌላውን ስንከፍት የምናገኘው ይህንኑ ነበር። ባለቤቶቹ ትዕግሥት ያነሳቸው ወይም እጃቸው ያልሠለጠነ ሰዎች አልነበሩም፤ የሚቀቡበት ቦታ ያጡ ነበሩ እንጂ።

መገጣጠም በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ ይሠራል። ቆራጭ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ ወረንጦ፣ የብርጭቆ ወረቀትና የፕላስቲክ ማጣበቂያ ካሉ ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ቀለም ግን እንዲህ አይደለም፤ የመኪና ቀለም ደግሞ በተለይ። ታንክ ወይም የጦር አውሮፕላን የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የማያንጸባርቅ ቀለም ስለሆነ፣ ትንሽ ቢሻክርበት በአቧራና በጭቃ መልክ ሊሸፍነው ይችላል። የመኪና ቦዲ ግን እንደ መስታወት ካላበራ መኪና አይመስልም። 1/24 በሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና ርዝመት ሃያ አራተኛ እጅ በሆነ ሞዴል ላይ ያረፈች የ0.2 ሚሊ ሜትር ብናኝ በእውነተኛው መኪና ላይ ወደ 5 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጉብታ እንደማለት ናት። የቀለሙ ውፍረትም ከዚህ አይለይም። በእውነተኛው መኪና በርና ቦዲ መካከል ያለው ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በልኩ የተሠራው ሞዴል ላይ 0.17 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ በችኮላ የተረጨ ወፍራም ቀለም ያንን መስመር ሞልቶ በሩን ከቦዲው ጋር አንድ ያደርገዋል። መፍትሔው ፕራይመሩን (ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚረጨውን የመጀመሪያ ቅብ)፣ ቀለሙንና በመጨረሻ የሚመጣውን ግልጽ ቅብ በስሱ እየደራረቡ መርጨት፣ በየመካከሉም በቂ የማድረቂያ ጊዜ እየሰጡ በውኃ በተነከረ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። ለአንድ ቦዲ ብቻ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ መርጨት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን ሁሉ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

እኔም ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያውን ቦዲ የረጨሁት በመኝታ ክፍሌ ውስጥ፣ በሌሊት፣ መስኮቱን ዘግቼ ነበር፤ መስኮቱን ከከፈትኩት ነፋሱ አቧራ ያመጣብኛል ብዬ ነው። አየሩ እርጥብ ስለነበረ ላከሩ (ቶሎ የሚደርቅ የቀለም ዓይነት) ሲደርቅ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነጣብኝ፤ ቲነሩ በፍጥነት ሲተን የቀለሙን ፊት ስለሚያቀዘቅዘው የአየሩ እርጥበት ቀለሙ ላይ እንደሚያርፍ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ደግሜ ረጨሁት፤ ጠዋት ከባድ ራስ ምታት ይዞኝ ተነሣሁ። ሦስተኛው ቅብ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻከረ። በአራተኛው የበሮቹ መስመሮች ጠፉ። ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ለስድስት ዓመት አልተከፈተም። በመጨረሻ ያንን ቦዲ ያዳነው የመርጫ ሳጥን የነበራቸው አንድ ታላቄ ናቸው፤ አሮጌውን ቀለም አስለቅቀው፣ መስመሮቹን በስለት ጫፍ እንደገና እንድቆፍር አሳይተውኝ፣ ፕራይመሩን ራሴ በእርሳቸው ሳጥን ውስጥ እንድረጭ ፈቀዱልኝ። እጄ ከስድስት ዓመት በፊት ከነበረው የተለየ አልነበረም። የተለየው ቦታው ነበር።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ ልግባ፤ ገንዘባችሁ ምን ላይ እንደሚውል በትክክል ማወቅ ይገባችኋልና። ከፍተኛው ወጪ የመርጫ ሳጥኑ ነው፤ በእርሱ ላይ መቆጠብንም አንፈልግም። በሳጥኑ አፍ በኩል የሚገባው አየር በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል ቢጓዝ ጭጋጉ ወደ ቀቢው ፊት አይመለስም፤ የእኛ ሳጥን አፉ 60 በ50 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ማራገቢያው በሰዓት 540 ሜትር ኩብ አየር መሳብ አለበት ማለት ነው። ማጣሪያውና ቱቦው ከዚህ ጉልበት ስለሚቀንሱ የምንገዛው ከዚህ አቅም ከፍ ያለ መሆን ይኖርበታል። በተጨማሪም የቲነር ትነት በእሳት ፍንጣሪ የሚቀጣጠል በመሆኑ የማራገቢያው ሞተር ትነቱ ከሚያልፍበት መንገድ ውጭ መቀመጥ አለበት፤ በርካሽ የሚገኙትን የወጥ ቤት ማራገቢያዎች ያልመረጥነው ለዚህ ነው። ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ እንዲሆን ሳጥኑን ከውጭው ግድግዳ አጠገብ እናቆመዋለን፤ የወጣውን የሚተካ አየር በማጣሪያ በኩል እንዲገባም በሩ ላይ ክፍተት ይሠራል።

ኮምፕረሰሩ ታንክ እንዲኖረው የፈለግነው፣ ያለ ታንክ የሚሠራው አየሩን እየቆራረጠ ስለሚልክና ቀለሙም በዚያው ልክ ስለሚዘበራረቅ ነው። ከአየሩ ጋር የሚመጣውን ውኃ የሚያጠራቅም ማጣሪያም አብሮት ይገዛል። ከኤርብራሾቹ ሁለቱ ለቀለም የ0.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላቸው፣ አንዱ ለፕራይመርና ለግልጽ ቅብ የ0.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ከዚህ ሌላ ሙቀቱን በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚጠብቅ የማድረቂያ ሳጥን እንፈልጋለን። ኪቶቹ የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን በደንብ የሚለሰልሰው ወደ 100 ዲግሪ ሲቃረብ ቢሆንም፣ ጣሪያውን የሚሸከሙት ቀጫጭን ምሰሶዎች ከዚያ በፊት ሊጣመሙ ስለሚችሉ ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ የሌለውን አንገዛም።

ስለ ጭንብሉ አንድ ነገር ላሳስብ። አፍንጫን የሚሸፍነው ተራ የወረቀት ጭንብል ብናኝ እንጂ ትነት አያግድም። የላከር ቲነር ብዙውን ጊዜ ቶሉይንና ዛይሊን የመሳሰሉ ፈሳሾችን ስለሚይዝ፣ የሚያስፈልገው ትነትን የሚይዝ የከሰል ማጣሪያ የተገጠመለት ጭንብል ነው፤ ማጣሪያውም ጊዜው ሲያልፍ መለወጥ አለበት። ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚረጨውን ባለ ሁለት ክፍል ግልጽ ቅብ ግን በክፍላችን ውስጥ ጨርሶ ላለመፍቀድ ወስነናል። ማጠንከሪያው ኢሶሳያኔት ይይዛል፤ ይህ ነገር ሽታው ራሱ አያስጠነቅቅም፣ አንድ ጊዜ ሳንባን ካስቆጣ በኋላ ደግሞ በጣም ጥቂቱ እንኳ አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። ውሳኔው ያላስደሰታቸው አባላት አሉ፤ የዚያ ቅብ ብርሃን በእርግጥም የሚያጓጓ ነውና። እኔ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወደ ክፍሉ ከሚመጡት መካከል የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች አሉ።

ገንዘብ መስጠት የማትችሉ ወይም ከገንዘቡ በተጨማሪ ልትረዱን የምትወዱ በዕቃ ልታግዙን ትችላላችሁ። በከፊል ያለቁ ቀለሞችን እንቀበላለን፤ ብቻ ጠርሙሱ ላይ ላከር፣ ኢናሜል ወይም አክሪሊክ መሆኑን ጻፉልን። በኢናሜል ላይ ላከር የረጨ ሰው የታችኛው ቅብ ተኮማትሮ ሲሰነጣጠቅ ያያል፤ ስሙ ያልታወቀ ጠርሙስም አንድ ጀማሪ የወራት ድካሙን እንዲያጣ ያደርገዋል። ያልተጠናቀቁ፣ ክፍላቸው የጎደለ ወይም ቀለማቸው የተበላሸ ኪቶችን ደግሞ ከአዲሶቹ ይልቅ እንወዳቸዋለን። ጀማሪው የመጀመሪያውን ቅብ የሚለማመደው በእነርሱ ላይ ነው፤ ቀሪው ክፍላቸው ለሌላ መኪና መለዋወጫ ይሆናል። ኤኤምቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1958 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ አንድን መኪና በሦስት ዓይነት መንገድ ለመሥራት የሚያስችሉ ኪቶችን ያወጣ ስለነበረ፣ እንዲህ ያለ ኪት የሠራ ሰው ካርቶኑ ውስጥ ሁልጊዜ ያልተጠቀመባቸው ቸርኬዎች፣ ፓራውልቶችና የሞተር ክፍሎች ይቀሩታል። እነዚያ ትርፍ ክፍሎች የሚከማቹበት መሳቢያ አዘጋጅተናል።

ክፍሎቹን ስትልኩ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉልን። አንደኛው መጠኑ ነው፤ ብዙዎቹ የአሜሪካ ኪቶች 1/25፣ የጃፓኖቹ ደግሞ በአብዛኛው 1/24 ናቸው። 4.8 ሜትር የሚረዝም መኪና በአንዱ 19.2፣ በሌላው 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ልዩነቱ በዓይን ትንሽ ቢመስልም የአንዱን ሻንሲ ከሌላው ቦዲ ሥር ለማስገባት ሲሞከር አይገጥምም። ስለዚህ በከረጢቱ ላይ መጠኑን ጻፉበት። ሁለተኛው ጎማዎቹ ናቸው። በብዙ አሮጌ ኪቶች ውስጥ ለስላሳ የተደረገው የጎማው ቪኒል በጊዜ ብዛት የሚነካውን ፖሊስታይሪን እያሟሟ ይበላዋል፤ ቸርኬውን ወይም የመኪናውን ጣሪያ ጎማው በነካበት ቦታ ቀልጦ ያገኘ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። እባካችሁ ጎማዎቹን ለብቻቸው ቋጥራችሁ ላኩ። ቢጫ የሆኑ አሮጌ ዲካሎችን (በሞዴሉ ላይ የሚለጠፉ የታተሙ ጽሑፎችንና ምልክቶችን) ግን አትጣሉ፤ በላስቲክ ከረጢት አድርገን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ስንለጥፋቸው ብዙዎቹ እየነጡ ይመጣሉ።

የሚሰበሰበው ገንዘብ በገንዘብ ያዣችንና በሁለት ሌሎች አባላት ፊርማ ብቻ ይወጣል፤ የእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የመርጫ ሳጥኑና ጭንብሎቹ፣ ቀጥሎ ኮምፕረሰሩና ኤርብራሾቹ፣ በመጨረሻ የማድረቂያ ሳጥኑ ነው። ገንዘቡ ለመርጫ ሳጥኑ ብቻ ቢበቃ እርሱን ገዝተን በቆርቆሮ በሚመጣ የሚረጭ ቀለም እንጀምራለን፤ ለሳጥኑም የማይበቃ ከሆነ የሰጠውን መልሶ ለሚጠይቅ ሁሉ ይመለስለታል። የሚተርፍ ቢኖር ማጣሪያ ይገዛበታል፤ ማጣሪያ በየጊዜው የሚያልቅ ዕቃ ነውና።

ክፍሉ ሥራ ሲጀምር ለሰጡትም ላልሰጡትም እኩል ክፍት ይሆናል። በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ስለሚረጭ ተራ በመዝገብ ይያዛል፤ አዲስ ለሚጀምር ሰውም ልምድ ያለው አባል አጠገቡ ይቆማል፤ ቦዲውን በሳሙና አጥቦ የፋብሪካውን ቅባት ከማስለቀቅ ጀምሮ መጨረሻ ላይ አሻሽቶ እስከማብራት ድረስ ያሳየዋል። ያደረ ቲነርና ቀለም የነካው ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ማጠራቀሚያ ይከማቻል እንጂ ወደ ፍሳሽ አይደፋም።

ሙያችሁን ለመስጠት የምትፈልጉም አላችሁ። ማራገቢያውን በጥንቃቄ የሚያገናኝ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ቱቦውን የሚያጥፍ ቆርቆሮ ሠሪ፣ ለመሳቢያዎቹ ደግሞ አናጢ እንፈልጋለን። ቱቦው የሚወጣበት ቀዳዳ በግድግዳው ላይ በእርሳስ ተከቦ ምልክት ተደርጎበታል፤ ግድግዳውን በሥርዓት የሚቆርጥ መሣሪያ ያለው ሰው ካለ ገንዘቡ እስኪሞላ ሳይጠብቅ ሊመጣ ይችላል።