የባቡር ወዳጆች ክበብ፦ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ አሥራ አንድ አባላት ነበሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት እየተሰበሰብን፣ የድሮ የእንግሊዝ የእንፋሎት ባቡሮችን አሠራርና ቀለም ስናይና ስንስል ከረምን። እስከ የካቲት ድረስ ያየነው በፎቶግራፍ ነው። በመጋቢት ግን ወላጆች አውቶቡስ ተከራይተውልን ከለንደን ዮርክ፣ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ድረስ ሄድን።

ልጆቹ መጀመሪያ የሮጡት ወደ ማላርድ ነው። ናይጅል ግሬዝሊ የነደፈው ይህ ባቡር በ1938 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሰዓት 126 ማይል በርሮ የእንፋሎት ባቡሮችን የፍጥነት ክብረ ወሰን ይዟል። ሰማያዊው ገላው ነፋስ እንዲሰነጥቅ ከፊት ተዳፍቶ የተሠራ ነው። ቀዩ ጎማው ከሰማያዊው ሥር ብቅ ሲል ዓይን ይስባል። ለእኔ ግን ከማላርድ ይልቅ ዳቸስ ኦፍ ሃሚልተን ትበልጣለች። ቀለሟ ወይን ጠጅ ነው፤ የወርቅ መስመሮቹ ከአፍንጫዋ ተነሥተው ጎንና ጎኗን ይዘው ወደ ኋላ ይፈሳሉ። ነፋስ የሚሰነጥቀው ይህ ሽፋኗ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተነቅሎ ኖሮ እንደገና የለበሰችው በ2009 ነው።

የዓመቱ ትልቅ ክርክር የተነሣው ግላድስተን የተባለው ባቡር ፊት ነው። ግላድስተን በ1882 ብራይተን ላይ ተሠርቶ፣ በ1927 ከሥራ ሲወጣ የባቡር አፍቃሪዎች ማኅበር ገዝቶ ያተረፈው ነው። ነዳፊው ዊልያም ስትራውድሊ ቀለሙን «የተሻሻለ አረንጓዴ» ይለው ነበር። ልጆቹ ግን አረንጓዴነቱ አልታያቸውም። አንዱ ቢጫ ነው ሲል ሌላው ሰናፍጭ ነው አለ። አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ዝም ብላ ስታይ ቆይታ፣ «ቲቸር፣ ይሄ የአያቴ ቀሚስ ነው» አለችኝ። አያቷ መነኩሲት ናቸው። ወይባ የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ነገርኳቸው። በክፍል ውስጥ ደጋግሜ ባስተምረው አልያዝ ያላቸው ቃል፣ ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም አፍ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግላድስተንን ለመሳል ሦስት ቅዳሜ ወይባን ለማግኘት ደከምን። የቀለም ሣጥኑ ቢጫ በጣም ይጮሃል፤ ቡኒ ሲጨመርበት ደግሞ ጭቃ ይሆናል። በመጨረሻ ያችው ልጅ ከእናቷ ጓዳ እርድ አመጣች፤ በውሃ በጥብጣ፣ ትንሽ የቡና አተላ ጠብ አድርጋበት ወረቀቱ ላይ ቀባችው። መጣ!

ሥዕሉ አሁን የሦስተኛ ክፍል በር ላይ ተሰቅሏል። በወይባው ዙሪያ የሚዞረው ጥቁር አረንጓዴ ጠርዝ አልቋል፤ ከአጠገቡ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ግን ቀጭን ብሩሽ እስክናገኝ በእርሳስ እንደተሰመሩ ናቸው።